ሦስት ዓይን ያለው ምስክር

የእህቴ ባል ጥሩነህ ቤቱ ውስጥ ጥይት የሚሠራ ሰው ነበር። ይህን ስናገር የማያውቀው ሁሉ ይደነግጣል። እኔም መጀመሪያ ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር እንደ አትክልት መኮትኮት ያለ የጋራዥ ሥራ መሆኑን አየሁ። የተተኮሰውን ቀለህ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ ከበስተኋላው አዲስ ማቀጣጠያ ይወትፉለታል፣ ባሩድ ይሰፍሩበታል፣ አፉ ላይ አረር ይሰኩበታል፤ በቃ፣ ጥይት ሆነ። ከሱቁ ይረክሳል፣ ለአንድ ጠመንጃ ተለክቶ ስለሚሠራም ዒላማ አይስትም ይላሉ። እኔ በበኩሌ ጠመንጃ አልወድም። ካገሬ ያስወጣኝ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው፤ ባሕር ተሻግሬ መጥቼ ደግሞ ለመዝናናት ብዬ ድምፁን የምሰማበት ምክንያት አይታየኝም ነበር።

ጥሩነህ ግን ሌላ ነው። አባቱ ሰላሌ ምንሽር ነበራቸው። ጥይት ብርቅ ስለነበር ልጃቸው ጠመንጃውን እንዲወለውል እንጂ እንዲተኩስ አንድ ቀን ፈቅደውለት አያውቁም። አዲስ አበባ መጥቶ መጋዘን ሲቀጠርም፣ ሱዳን ሲሰደድም፣ ሄይዋርድ ገብቶ ፎርክሊፍት ሲነዳም ያ ሳይተኩሰው የቀረ ጥይት ልቡ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ኑሮ ትንሽ ቀና ሲልለት አንድ ጠመንጃ ገዛ፤ ቀጥሎ የጥይት መሥሪያውን ገዛ፤ እህቴ ፅጌረዳም መኪናዋን ጋራዥ ውስጥ ማቆም ቀረባት። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ወሬም አያበዛም። ሰላምታው እንኳ በቁጠባ ነው።

ብቻውን አልነበረም የሚሠራው። ይብራህ የሚባል ጓደኛ አለው፤ ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አሥመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ኋላም ከአሰብ አዲስ አበባ ከባድ መኪና ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ከጥሩነህ ጋር የተዋወቁት በስደት መንገድ ላይ ነበር። ድንበሩ ሳይደርሱ ጥሩነህን ወባ ጣለው፤ መንገድ መሪዎቹ ትተነው እንሂድ ሲሉ ይብራህ አዝሎት ሱዳን አስገባው። ይህን የነገረኝ ጥሩነህ ነው፤ ይብራህ ከአፉ አውጥቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሄይዋርድ ይገናኛሉ። ሥራ ተከፋፍለዋል፤ ጥሩነህ ቀለሁን ያዘጋጃል፣ መጨረሻ ላይም አረሩን ይሰካል። መሀል ላይ ያለው፣ ትዕግሥት የሚጠይቀው የባሩድ ስፍር የይብራህ ነው። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹን ዋጥ እያደረገ በሚዛን ይሰፍራል። የሰፈረበትንም ቀለህ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ አቁሞ ይደረድረዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከኦክላንድ በላይ ኮረብታው ላይ ወዳለው የተኩስ መለማመጃ፣ ሬንጅ ወደሚሉት፣ ወጥተው ዒላማ ይተኩሳሉ። የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጋብዘው ይብራህ ነው።

በፈረንጆቹ 1988 መግቢያ ላይ እናቴ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ከአዲስ አበባ መጣችልን። ዕድሜዋን ሙሉ መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ጤፍና ሽንብራ ስትሰፍር የኖረች ሴት ናት። እንዲህ ያለችውን ሴት ወስዳችሁ ሰው የማይወጣባት የማይገባባት ሄይዋርድ ውስጥ፣ እህቴና ባሏ ሥራ በሚውሉበት ቤት ከቴሌቪዥን ጋር ስታፋጥጧት ምን እንደምትሆን አስቡት። ነፍሷ መለስ የሚለው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱ ሲሠሩ ታያለች፤ ባሩዱን እያየች "ቁርጥ ጥቁር አዝሙድ" ትላለች። ይብራህን ደግሞ ከእኔ አስበልጣ ትወደዋለች፤ ይህን ሳትደብቀኝ ነው የነገረችኝ።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ሁለቱ ሥራቸውን ሳይጨርሱ እህል አይቀምሱም ነበር። አሁን ግን ልክ ይብራህ ስፍሩን ሲጨርስ "ምሳ ቀርቧል!" ትላለች። የእናት ማዕድ ቀርቦ "ቆይ ይህችን ልጨርስ" የሚባል ነገር ደግሞ በእኛ ዘንድ የለም። ባሩድ የተሰፈረበትን ቀለህ እንደተደረደረ ትተው፣ እጃቸውን ታጥበው ይገባሉ። እሷ አብራ አትቀርብም፤ "እናንተ ብሉ" ብላ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሲጨርሱ ጥሩነህ ተመልሶ አረሩን ይሰካል።

በዚያው መጋቢት የመንግሥት ጦር አፍአበት ላይ የተደመሰሰበት ወሬ መጣ። እዚህ ያለው ሐበሻ ያን ሰሞን ለሁለት ተሰነጠቀ። ትናንት አንገት ላንገት ተቃቅፎ ይሳሳም የነበረ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ ሲተያይ በሌላ መደርደሪያ በኩል መዞር ጀመረ። የጥሩነህ ታናሽ ወንድም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር፤ ይኑር ይሙት አይታወቅም። የይብራህ የእህት ልጅ ደግሞ በወዲያኛው ወገን በረሃ ገብቷል። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ላይ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ቅዳሜ መጣ፣ ተገናኙ፣ ሰፈሩ፣ ሰኩ።

ነገሩ የተበላሸው በግንቦት ነው። ጠመንጃው መራገጥ አበዛ። ጥሩነህ ትከሻው እየጠቆረ ዝም ይላል፤ እርጅና ነው ብሎ ነበር። አንድ እሑድ ግን፣ ይብራህ ታክሲ ላይ ስለነበር ብቻውን ሄዶ፣ ተኩሶ መቀባበያውን ቢስበው እምቢ አለው፤ ተጣብቋል። የሬንጁ ኃላፊ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ መጥቶ በመዳፉ መትቶ መትቶ አስከፈተውና ቀለሁን አገላብጦ አየው። ኋላው እንደ ሳንቲም ተደፍጥጧል። "ይሄ ጥይት ባሩድ በዝቶበታል" አለው። "ሌላ ቀን ዓይንህን ይዞት ይሄዳል። ፍጥነቱን በክሮኖግራፍ ሳትለካ ሁለተኛ ይዘህብኝ እንዳትመጣ።" ክሮኖግራፍ የሚሉት ጥይቱ በላዩ ሲያልፍ ፍጥነቱን የሚቆጥር መሣሪያ ነው። ባሩድ ከበዛ ፍጥነቱ ያሳብቃል።

ጥሩነህ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ግን ዘነበ ሰማ። ዘነበ ያልሰማው ነገር ኖሮ አያውቅም። በየለቅሶው በየክርስትናው መሀል ላይ የሚቀመጥ፣ ከሰው ጓዳ ወሬ ጨልፎ የሚኖር ሰው ነው። በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ጥሩነህን ክንዱን ያዘው።

"ጥሩዬ፣ ለመሆኑ ባሩድ የሚሰፍርልህ ማነው?"

"ይብራህ።"

ዘነበ ራሱን ነቀነቀ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እዚያው ላይ ጎማውን ባስተነፍስለት ደስ ይለኝ ነበር። ጥሩነህ ያን ቀን ምንም አልመሰለውም፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቃል እንደ እሾህ ነው፣ ሲገባ አያምም፣ ሲያድር ነው። ዓርብ ይብራህ ሲደውል ጥሩነህ ለእናቴ "የለም በሉት" ብሎ በእጁ ጠቆማት። እናቴ ስልኩን እንደያዘች፣ "አለ እኮ፣ እዚህ ቁጭ ብሎ የለም በሉት ይለኛል፤ ምን ሆናችሁ ልጄ?" አለችው። ይብራህ ወዲያ ማዶ ሆኖ ሳቀ፤ ደክሞት ይሆናል አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን አልደወለም።

ያን ጊዜ ነው ጥሩነህ እኔ ዘንድ የመጣው። እኔ አምሐ እባላለሁ፤ ሳን ሆዜ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ሰርኪዩት ቦርድ ስፈትሽ ነው የምውለው። በቤተሰቡ ዘንድ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የእኔ ነው። ሬንጁ ላይ የሆነውን ነገረኝና "ማሽን ታውቃለህ" አለኝ። "ክሮኖግራፍ አስመርጠኝ።"

መጀመሪያ የሄድነው ሳን ሆዜ በነበረው የጠመንጃ ባዛር ነው። አንድ ሽማግሌ አሮጌ ክሮኖግራፍ አቀረበልን። ጥይቱ ሽቦ የተሳለበትን ወረቀት በጥሶ ሲያልፍ ይጀምራል፣ ሁለተኛውን ሲበጥስ ያቆማል። ለእያንዳንዱ ተኩስ ሄዶ ወረቀት መቀየር ነው። እኔ ሳቅኩ፤ ጥሩነህ ግን ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየውና "ቢያንስ ያለፈበት ይታያል" አለ። የሚለው አልገባኝም፤ ጎትቼ ወሰድኩት።

ቀጥሎ ኦክላንድ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ወጣት ነው፤ ተጣጥፎ የምሳ ዕቃ የሚያህል ቆርቆሮ አወጣ። ሁለት ዓይን አለው፤ የጥይቱን ጥላ የመጀመሪያው ሲያይ መቁጠር ይጀምራል፣ ሁለተኛው ሲያይ ያቆማል። ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ለእሱ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ይሄን ውሰድና እንሂድ አልኩት፤ ፓርኪንግ የያዝኩበት ሰዓት ሊያልቅ ነው።

"ጠይቅልኝ" አለኝ። "ሲሳሳት፣ መሳሳቱን ይናገራል?"

ጠየቅኩለት። ሻጩ ገርሞት አየን። "አይ፣ እሱ ቁጥር ይሰጥሃል እንጂ። ብርሃኑ ከተዛባ ወይም የአፈሙዙ ነፋስ ከቀደመው የተሳሳተ ቁጥርም ሊሰጥ ይችላል" አለና ከኋላው ረዘም ያለ ዘንግ አወረደ። "ይሄኛው ሦስት ዓይን አለው። አንዱን ጥይት ሁለት ጊዜ ለይቶ ይለካና ሁለቱንም ያትምልሃል። ሁለቱ ካልተስማሙ ምልክት ያደርግበታል፤ አትመነኝ ማለቱ ነው።" ዋጋው ከቆርቆሮው ጋር አይወዳደርም። ዘንጉ ራሱ ከመኪናዬ ኋላ አይገባም።

"ይሄን" አለ ጥሩነህ።

"አንተ ሰው፣ ሳተላይት ልታመጥቅ ነው እንዴ?"

"በአንድ ምስክር አይፈረድም" አለኝ፤ ዓይኑን ዘንጉ ላይ ተክሎ። "በሁለት ወይም በሦስት ነው ነገር የሚጸናው።"

እጄ ላይ ያለው የመኪና ቁልፍ ከበደኝ። ለካ ይህን ሁሉ ሱቅ የዞርነው ለጥይት አይደለም። አብረን የቆምነው ለይብራህ ችሎት ምስክር ልንመርጥ ኖሯል። ተናደድኩ፤ እዚያው ሰው ፊት ባማርኛ ጮህኩበት። "በዘነበ ቃል ነው? አዝሎ ያሻገረህን ሰው?"

"ስላዘለኝ ነው" አለ።  "ሌላ ሰው ቢሆን ትቼው እሄድ ነበር። እሱን ግን ሳላውቅ ልተወው አልችልም፤ ሳላውቅም ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። አምሐ፣ እንቅልፍ አጣሁ።"

ከዚያ በኋላ ምን ትለዋለህ? ዘንጉን በመስኮት አሹልከን ጫንነው። አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ ተከሳሽ በሌለበት ችሎት አይቀመጥም። ማታውኑ ለይብራህ ደወልኩለት። "ጋሼ፣ አዲስ ማሽን ገዝተናል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሬንጅ እንሞክረዋለን፣ ና።" ድምፁ ወዲያው በራ። "ሺፍቴን እቀይራለሁ፣ መጣሁ" አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮረብታው በጉም ተሸፍኖ ነበር። የማሽኑ ዓይን ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ጉሙ እስኪነሳ ሦስታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። ይብራህ ስለ ታክሲ ደንበኞቹ ያወራል፣ ጥሩነህ መሬት መሬት ያያል። ሰማዩ ሲገለጥ ዘንጉን ተከልን። መጀመሪያ የተኮስነው ከሱቅ የተገዛ ጥይት ነው፤ ፍጥነቱ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ ማሽኑ እውነት መናገሩን በሱ እናውቃለን። ተኮሰ። ማሽኑ ሁለት የማይቀራረቡ ቁጥሮች አተመና አጠገባቸው ምልክት አደረገ።

"ምስክሮቹ አልተስማሙም" አልኩ። ዘንጉን ለአፈሙዙ አቅርበነው ኖሮ ነፋሱ ቀድሞ አሳስቶታል። ያ ቆርቆሮ ቢሆን ኖሮ ያንን ውሸት እንደ እውነት ይነግረን ነበር። ራቅ አድርገን ተከልነው፤ ደግመን ተኮስን፤ ሁለቱ ቁጥሮች እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ከካርቶኑም ጋር ገጠሙ። ቀጥሎ ጥሩነህ ከገና በፊት የሠሩትን ጥይት ሞከረ። እሱም ልክ ነው፤ የጥይት መሥሪያው መጽሐፍ የሚለውን ያህል ነው የሄደው። ጥሩነህ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

ከዚያ የግንቦቱን ካርቶን አወጣ።  ይብራህ ይህን ጊዜ ስለ ተጣበቀው መቀባበያ ሰምቷል፤ እኔ ነግሬዋለሁ። ተነስቶ ጠመንጃውን ከጥሩነህ እጅ ወሰደ።

"የሰፈርኩት እኔ ነኝ። እኔ ልተኩሰው።"

"ተው ይብራህ!"

ጉንጩን የጠመንጃው ሰደፍ ላይ አስደገፈ። ጥሩነህ አፈሙዙን ሊይዝ ሲንደረደር ተኩሱ ጮኸ። ይብራህ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው፣ ፊቱ ደህና ነው። መቀባበያው ተጣብቋል። ማሽኑ ሁለት ቁጥር አተመ፤ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ከልኩ እጅግ በላይ ነው። ምልክት የለበትም።

ይብራህ ወረቀቱን አየ፣ ጥሩነህን አየ። መነጽሩን አወለቀ። "አሁን ገባኝ" አለ። "ለዚህ ነው ስልክ የማታነሳው። ባሩድ ይጨምርብኛል ብለህ አስበሃል?"

ጥሩነህ መዋሸት የሚችል ሰው አይደለም። "አስቤያለሁ" አለ።

 እኔ መሀላቸው ገብቼ "ኑ፣ ቤት እንሂድ፤ ጋሽ ይብራህ እዚያው ፊታችን ይስፈር፣ እንመዝን፣ ይለይለት" አልኩ። ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ይብራህ ግን "እሄዳለሁ" አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ። ምናልባት ዓይኔ ከድቶኝ ይሆናል። ዓይኔ ከከዳኝ ታክሲውም አበቃለት።" እስከ ሄይዋርድ ድረስ በሁለት መኪና ሄድን። 

ጋራዡ ውስጥ ይብራህ ሰፈረ። ጥሩነህ አጠገቡ ቆሞ እያንዳንዱን ሚዛን ላይ አየ። ልክ ነው። ሁሉም ልክ ነው፤ ጸጉር አላነሰም፣ ጸጉር አልበለጠም። እናቴ ታጣፊ ወንበሯ ላይ ሆና ሦስታችንንም በየተራ እያየች "ዛሬ ደግሞ ምን ነካችሁ፣ ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት" ትላለች። ይብራህ የመጨረሻዋን ሰፍሮ አቆማት። ይህን ጊዜ ግራ ገባን፤ ስፍሩ ልክ ከሆነ ያኛው ጥይት ላይ ባሩዱን ማን አበዛው? እናቴ ብድግ ብላ ገባች፤ ሳይቆይ "ምሳ ቀርቧል!" አለች።

ማንም የመብላት ፍላጎት አልነበረውም። ግን ማን እምቢ ይላታል? እጃችንን ታጠብን፣ ተቀመጥን፤ አንድ ጉርሻ እንኳ በቅጡ አልዋጥንም። እኔ መድኃኒቴን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትቼው ነበርና ላመጣ ወደ ጋራዥ ተመለስኩ።

እናቴ ቀለሁ የተደረደረበት እንጨት ላይ ጎንበስ ብላለች። በግራ እጇ የባሩዱን ጣሳ፣ በቀኟ የስኳር ማንኪያ ይዛለች። በየቀለሁ አፍ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገች ትጨምርበታለች።

"እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ምነው፣ አስደነገጥከኝ! ምራቂ ነው።"

"የምን ምራቂ?"

"አታይም እንዴ? ሁሉም ጎደሎ ነው፣ አፉ ድረስ አልሞላም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይብራህ የተባረከ ልጅ ነው፤ ስፍር ላይ ግን እጁ ይሰስታል። ጥሩነህ አንድ ቀን ልብ ብሎ ቢያይ 'ይህ ሰው ያጎድልብኛል' ይለዋል። ስፍር የሰውን ስም ያጠፋል ልጄ፤ እህል በረንዳ ስንቱን አይቻለሁ። ስሙ እንዳይነሳ ብዬ ነው የምሞላለት።"

ዞር ስል ሁለቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ጩኸቴን ሰምተው መጥተዋል፤ የተባለውንም ሰምተዋል።

"እማማ" አለ ጥሩነህ፤ "ከመቼ ጀምረው ነው?"

"ከመጣሁ ጀምሮ ነዋ። መጀመሪያ በሁለት ጣቴ ነበር፤ ኋላ እጄን ሲያጠቁረኝ ማንኪያ ያዝኩ።"

ጥሩነህ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያለቅስ ነበር፣ እኔ አየሁት፣ አያፍርበትም። ይብራህ ግን ሳቀ። መጀመሪያ እንደ ሳል ጀመረው፤ ቀጥሎ መነጽሩ እስኪወድቅ፣ ሆዱን ይዞ እስኪጎነበስ ሳቀ። "ዓይኔ ደህና ነው!" እያለ ይጮሃል፤ "ዓይኔ ደህና ነው እኮ!" እኔም ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ። ሳምንታት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያወቅኩት ሲነሳልኝ ነው።

እናቴ ብቻ ግራ ገብቷት ቆማለች። ነገርናት፤ ጥይት እህል እንዳልሆነ፣ ያለ ልክ ሲሞላ ጠመንጃው ሰው ፊት ላይ እንደሚፈነዳ። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። "ልጆቼን ልጨርሳችሁ ነበር?" ብላ ደረቷን ስትደቃ ይብራህ ሄዶ ጉልበቷን ሳመ። "እማማ፣ እርስዎ ስሜን ሲጠብቁልኝ ነበር" አላት። "ሌላ ሰው እንዲህ አልጠበቀልኝም።"

ይህን ሲል ወደ ጥሩነህ አላየም። ጥሩነህ ግን ሰማ። ተነስቶ ጥግ ወዳለው አረር የሞላበት ከረጢት ሄደ። ያ ከረጢት ትንሽ ነው፣ ክብደቱ ግን ወገብ ይቆርጣል። ብድግ አድርጎ አንገቱ ላይ ጫነውና ይብራህ ፊት አጎነበሰ፤ ባገራችን ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚኬደው።

"በድዬሃለሁ። በእግዚአብሔር ይቅር በለኝ።"

 ይብራህ ከረጢቱን በሁለት እጁ አነሳለትና መሬት ላይ አስቀመጠው። "ተው እንጂ" አለ። "አንተን ተሸክሜ አውቃለሁ፤ ከዚህ ትከብድ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ።" ተቃቀፉ። እናቴ እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጎረቤታችን ውሻ መጮህ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነው ምሳ የበላነው፤ እንዴት እንደተበላ አትጠይቁኝ። ከሰዓቱን ያን የተረገመ ጥይት በሙሉ አረሩን እየነቀልን ባሩዱን አፈሰስን። እናቴም ከሥራ አልተባረረችም፤ ስፍሩ አልቆ ምሳ ሲቀርብ እንጨቱን የሚሸፍን ጨርቅ ሰፍታ፣ አልብሳው ትገባለች። ይብራህ እንደ ድሮው ይሰፍራል፣ ጥሩነህ እንደ ድሮው ይሰካል። ያ ሦስት ዓይን ያለው ማሽን እስከ ዛሬ አለ፤ ሬንጅ ሲወጡ ይተክሉታል፣ ልክ ሲሆን ደስ ይላቸዋል።

ከጥቂት እሑድ በኋላ ዘነበ እዚያው ፓርኪንጉ ላይ ያዘን። ጥሩነህና ይብራህ እኔን ጨምረው ሬንጅ ሊሄዱ አንድ መኪና ውስጥ ሲገቡ አይቷል፤ ሆዱ አልቻለም።

"ጥሩዬ፣ አሁንም ባሩድ የሚሰፍርልህ እሱ ነው?"

"እሱ ነው" አለ ጥሩነህ፤ በሩን እየዘጋ። "ሊገድሉኝ የነበሩት አማቴ ናቸው።"

 ይብራህ መኪናውን አስነሳ፣ ወደ ኮረብታውም ወጣን።